የንግሥት ኣስካል አሟሟት

ሠርክአዲስ መቀሌ፣ ሓድነት በሚባለው ሰፈር ውስጥ የተከራየቻት ክፍል መስኮቷ ወደ ግቢው ስለሚከፈት፣ ኮምፒውተሯ ላይ የምታደርገውን ሁሉ አላፊ አግዳሚው ያይባት ነበር። አላፊ አግዳሚ ሲባል ግን የቤቱ ባለቤት አቶ ገብረዝጊ ብቻ ናቸው። ልጃቸው ዘቢብ ሮማናት አካባቢ መድኃኒት ቤት ትሠራለች፤ ጠዋት ወጥታ አመሻሽ ላይ ነው የምትመለሰው። ስለዚህ ቀኑን ሙሉ ግቢው የሳቸው ነው። እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ከመስኮቱ እስከ ውኃ ታንከሩ፣ ከውኃ ታንከሩ እስከ መስኮቱ ይመላለሳሉ። ሠላሳ አንድ ዓመት ከባድ መኪና ነድተው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው፤ ሳይነዱ መቀመጥ አልለመደባቸውም።

ሠርክአዲስ የደሴ ልጅ ናት። ዩኒቨርሲቲው ውስጥ ስታቲስቲክስ ታስተምራለች። መቀሌ ከመጣች ሁለተኛ ዓመቷ ቢሆንም ትግርኛዋ ከሰላምታና ከገበያ አላለፈም፤ ቅዳሜና እሑድ የምትሄድበት ዘመድም የላትም። ስለዚህ ትጫወታለች። የምትጫወተው የድሮ ነገሥታትን ጨዋታ ነው። ተጫዋቹ አንድ ቤተሰብ ይይዝና ያነግሣል፣ ያጋባል፣ ያዋልዳል፣ ያዋጋል። ንጉሡ ሲሞት ወራሹን ይዞ ይቀጥላል። ቤተሰቡ እስካልጠፋ ድረስ ጨዋታው አያልቅም።

አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ አቶ ገብረዝጊ መስኮቱ ላይ ቆሙና አንገታቸውን አስገቡ። ግራ ዓይናቸውን ድሮ የመኪና መስታወት ተሰብሮባቸው አጥተውታል፤ ቀኙም ሞራ ስለሸፈነው ነገር የሚያዩት በጣም ተጠግተው ነው።

«ይህ ካርታ የየት አገር ነው?»

«የድሮ ነው ኣቦይ ገብረዝጊ። የዛሬ ዘጠኝ መቶ ዓመት ገደማ።»

«መንገዱ የታለ?»

«መንገድ የለውም። ጦሩ ዝም ብሎ ነው የሚሄደው።»

«ዝም ብሎማ የሚሄድ ጦር የለም፤ ይህ እኮ ዳገት ነው» አሉና በሩን ዞረው ገቡ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቅዳሜና እሑድ ወንበራቸውን ይዘው ይመጡ ጀመር።

አዲስ ጨዋታ አብረው ከፈቱ። ጨዋታው ፊደላችንን ባዶ ሳጥን አድርጎ ስለሚያሳይ ስሞቹን በላቲን መጻፍ ግድ ሆነ። ሠርክአዲስ ንጉሡን «ገብረዝጊ» ስትለው አቶ ገብረዝጊ፣ «እኔን ንጉሥነት አያምርብኝም» ብለው ቢከራከሩም ፊታቸው ግን አልከፋውም። የንግሥቲቱ ተራ ሲደርስ ግን ጉልበታቸውን ሁለት ሦስት ጊዜ አሹ።

«ኣስካል በያት።»

ኣስካል ባለቤታቸው ነበረች። ሳሎን ውስጥ ፎቶዋ ተሰቅሏል። ሠርክአዲስ ስለሷ የምታውቀው፣ ስኳር በሽታ እንደነበረባትና መድኃኒት በጠፋበት ጊዜ እንደሞተች ብቻ ነው።

«ጓለይ፣ ልጄ፣ አንድ ነገር ብቻ ልለምንሽ» አሉ አቶ ገብረዝጊ። «ይህችኛዋ እንዳትታመምብኝ።»

«ጨዋታው ነው እኮ የሚወስነው።»

«አንቺ የቁጥር አስተማሪ አይደለሽም? አንድ ዘዴ አታጪም።»

ሠርክአዲስ ሳቀች። «እሺ። እኔ እያለሁ ምንም አትሆንም» አለች።

ንግሥት ኣስካል ደግሞ በራሷ የምትበገር አልነበረችም። ጨዋታው ጉልበት፣ ቁጣና ሆዳምነት አድሏታል። በነገሠች በሁለተኛው ዓመት ግብር ሰብሳቢውን በምሳ ሰዓት ስለመጣባት እስር ቤት አስገባችው። የንጉሡ ወንድም ሃይለማርያም በአንድ የአደን ውሻ ምክንያት ሸፍቶ አራት ዓመት ተዋጋ፤ ውሻው በሁለተኛው ዓመት በእርጅና ሞተ፣ ጦርነቱ ግን ቀጠለ። የቤተ መንግሥቱ ሐኪም አንድ ቀን ጠዋት ተነሥቶ «ንብ ነኝ» አለ፤ ከዚያ በኋላ በሽተኛ ሁሉ የሚታከመው ማር እየላሰ ሆነ። የሚገርመው፣ ይድኑ ነበር።

አቶ ገብረዝጊ ጦሩን የሚያዙት እንደ ከባድ መኪና ነው። «ጭነት ቀንሺላቸው! እዚህ ጋ ይረፉ፣ ጎማቸው ይብረድ!» ይላሉ። ሰው መቅጣት ግን አይሆንላቸውም። ሴራ ሲደረስበት ሠርክአዲስ «ይሰቀል?» ትላለች፤ እሳቸው «ልጆች አሉት?» ብለው ይጠይቃሉ። ሁሉም ልጆች አሏቸው። ሁሉም ይማራሉ። በአሥር ዓመት ውስጥ ንጉሡን ሊገድሉ ያሴሩ አሥራ ሰባት ሰዎች ቤተ መንግሥት ውስጥ ተሰብስበው አብረው ምሳ መብላት ጀመሩ። ንግሥቲቱ ድርሻዋ እንዳያንስባት እየተቆጣች ከሁሉም በላይ ትበላለች። አቶ ገብረዝጊ በዚህ ሲስቁ ከወንበራቸው ሊወድቁ ይደርሳሉ።

አንድ አመሻሽ ዘቢብ ከሥራ ስትመለስ የሠርክአዲስን በር አንኳኳች። ቦርሳዋን እንኳ አላወረደችም።

«አባቴ ራቱን እየበላ ብቻውን ሲስቅ አገኘሁት። ምን ሆንክ ስለው "እናትሽ ግብር ሰብሳቢውን አሰረችው" አለኝ።» ዓይኗ እንባ አቀረረ። «እናቴ ከሞተች ወዲህ ሲስቅ ሰምቼው አላውቅም። እግዜር ይስጥሽ።»

ሠርክአዲስ በሰማችው ኮራች። ደስታዋን ለእናቷም ስልክ ደውላ ነገረቻት።

የአቶ ገብረዝጊ የቀዶ ጥገና ተራ የደረሰው በጥቅምት ነው። የቀኝ ዓይናቸው ሞራ ሊገፈፍ ሁለት ቀን ሆስፒታል ይተኛሉ። ሊሄዱ ሲሉ ባጃጁ በር ላይ ቆሞ እየጠበቃቸው ወደ መስኮቱ ዞር አሉ።

«እኔ እስክመለስ ተጫወቺ፣ አልከለክልሽም። ኣስካልን ግን አደራ።»

«አደራ» አለች ሠርክአዲስም።

በማግሥቱ ቅዳሜ ነበር። ግቢው ጭር ብሏል። ሠርክአዲስ የተማሪ ፈተና አርማ ጨርሳ ጨዋታውን ከፈተች። ለስድስት ሳምንት የአቶ ገብረዝጊን ምሕረት ስትታገሥ ኖራለች፤ መንግሥቱ አንድ ጋት አልሰፋም። በስተምሥራቅ በኩል ደግሞ ሰፊ የጨው ምድር አለ። ገዢዋ ባሏ የሞተባት ወራሽ ናት። ያገባት የጨው ምድሩን ያገኛል። ንጉሥ ገብረዝጊ ደግሞ ሚስት አለው።

ሠርክአዲስ በኋላ ይህን ሰዓት ደጋግማ ስታስበው፣ እጇ ስቶ ነበር ብላ ራሷን ማሳመን አልቻለችም። አልሳተም። የንግሥቲቱን ሥዕል ነካች፤ ዝርዝር ወጣ። ከዝርዝሩ መጨረሻ ያለውን «ግድያ አሲር» የሚለውን አየችው። ዘጋችው። ሻይ አፈላች። ተመልሳ ከፈተችው። የመሳካት ዕድሉ ከመቶ አሥራ አራት ይላል። «አይሳካም፤ እንዲያው ልየው» አለችና ነካችው። ከመቶ አሥራ አራት ማለት አይሆንም ማለት እንዳልሆነ፣ ሐሙስ ዕለት ለስልሳ ተማሪ ሰሌዳ ላይ ጽፋ ያስረዳችው እሷ ነበረች።

ሴራውን የተቀበለው ጎደፋ የሚባል የቤተ መንግሥቱ ወጥ ቤት ነው። መጀመሪያ ሾርባው ላይ መርዝ ጨመረ። ሾርባውን የጠጣው ንቡ ሐኪም ሆነ፤ ሦስት ቀን ታሞ ሲነሣ ንብነቱ ለቆት ነበር፣ ከዚያ በኋላ ግን የሚያክማቸው ሁሉ ይሞቱ ጀመር። ቀጥሎ በንግሥቲቱ አልጋ ውስጥ እባብ ደበቀ። ንግሥቲቱ እባቡን በጫማዋ ገድላ ቆዳውን መቀነት አሠራችው። ሠርክአዲስ ትስቅ ነበር። በሦስተኛው ሙከራ ጽሑፉ እንዲህ ሲል ብቅ አለ፦ «ንግሥት ኣስካል በጓዳው ደረጃ ላይ ቁልቁል የተንከባለለ የወይን በርሜል መቷት ሞተች። በርሜሉ አልተሰበረም።»

«በርሜሉ አልተሰበረም» የሚለው አሳቃት። ብቻዋን፣ ጮክ ብላ ሳቀች። ከዚያ ስሙን እንደገና አነበበችው።

ወደ ኋላ ልትመልሰው ሞከረች። አይመለስም። ጨዋታውን ሲጀምሩ፣ የተደረገ ሁሉ እንደተደረገ የሚጸናበትን ዓይነት የመረጠችው ራሷ ናት፤ እየተመለሱ ማስተካከልን እንደ ማጭበርበር ስለምትቆጥረው። አሁን በማጭበርበሩ ግድ ባልነበራት፣ መንገዱ ግን የለም።

ከጥቂት ወራት በኋላ፣ ማለትም በጨዋታው ወር፣ ሴራው ተጋለጠ። ጨዋታው ለነገሥታቱ በሥራቸው ቅጽል ያወጣላቸዋል፤ ደጉ፣ ጀግናው፣ ሰነፉ እያለ። ንጉሥ ገብረዝጊ እስከዚያ ቀን ድረስ «መሐሪው» ነበር። አሁን ከስሙ አጠገብ «ሚስት ገዳዩ» የሚል ተጻፈ። የጨው ምድሯ ወራሽም የጋብቻውን ጥያቄ አልቀበልም አለች። ሚስቱን የገደለን ሰው ማን ያገባል? የፈረሶቿን ጠባቂ አገባች።

አቶ ገብረዝጊ እሑድ ከሰዓት በኋላ ጥቁር መነጽር አድርገው፣ ዘቢብን ተደግፈው ተመለሱ። ሐኪሙ ዓይናቸው እንዳይደክም ለሦስት ሳምንት ኮምፒውተርም ቴሌቪዥንም ከልክሏቸዋል። ሠርክአዲስ «እንኳን ለዚህ አበቃዎት» ልትል ስትወጣ ቀደሟት።

«ኣስካል ደኅና ናት?»

«ደኅና ናት» አለች ሠርክአዲስ።

ቃሉ ከአፏ እንዴት እንደወጣ አታውቅም። ከወጣ በኋላ ግን ሌላ ቃል ይፈልግ ጀመር። አቶ ገብረዝጊ ማየት ቢከለከሉም መስማት አልተከለከሉምና፣ አሁን ጊዜ ስላላቸው በየቀኑ አሥር ሰዓት ላይ፣ ከክፍል ስትመለስ፣ ወንበራቸውን ይዘው ይመጣሉ። ዓይናቸውን ጨፍነው፣ አገጫቸውን ደረታቸው ላይ አሳርፈው «ንገሪኝ» ይላሉ። እሷም ትነግራቸዋለች። ንግሥት ኣስካል ድልድይ አሠራች። ንግሥት ኣስካል ለሠራዊቱ ድግስ ደገሰች፣ ግማሹን ራሷ በላችው። እንዲያምኗት ብላ የኮምፒውተሩን ቁልፎች በባዶው ትቀጠቅጣለች። እሳቸው በቁልፎቹ ድምፅ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ።

«ድልድዩ ስንት ቶን ይችላል?»

«ብዙ።»

«እሷ ከሆነች ያሠራችው አይፈርስም» ይላሉ።

ሠርክአዲስ እንቅልፍ አጣች። ክፍል ውስጥ እያስተማረች ዓረፍተ ነገር ይቆረጥባታል። ዘቢብ ቅዳሜ ጠዋት በሣህን ሕምባሻ አምጥታ «ላንቺ ነው፣ አባቴን ስላጫወትሽልኝ» ስትላት፣ ሣህኑን ተቀብላ ሳትቀምሰው ጠረጴዛው ላይ አኖረችው።

ነገሩን ልታስተካክል ቆረጠች። ጨዋታው የሰዎቹን ስም መለወጥ ይፈቅዳል። አንዲት ሴት ፈልጋ ኣስካል ብላ ልትሰይም፣ ለንጉሡ ልትድር፣ አቶ ገብረዝጊ ዓይናቸውን ሲከፍቱ ኣስካል የምትባል ንግሥት እንድትቀበላቸው አሰበች። ነገር ግን ሚስት ገዳዩን ለማግባት እሺ ያለች ሴት በመላው ካርታ ላይ አንዲት ብቻ ተገኘች፤ የንጉሡ የራሱ ሞግዚት የነበረች፣ የሰባ ሦስት ዓመት አሮጊት። ሠርክአዲስ ዳረቻት። ሁለተኛዋ ኣስካል በሠርጓ ሳምንት ከሐኪሙ ጋር ፍቅር ያዛት። ሐኪሙ ስላከማት በወሩ ሞተች።

ወጥ ቤቱ ጎደፋ ደግሞ ዝም ብሎ አልተቀመጠም። ሴራው በወሬ ይታወቅ እንጂ፣ ያዘዘው ንጉሡ ራሱ እንደነበር የሚያሳየው ደብዳቤ ያለው እሱ እጅ ላይ ነው፤ በደብዳቤው እያስፈራራ መጀመሪያ የጓዳ ሹም፣ ቀጥሎ የጦር አዛዥ ሆነ። ጦሩ ወደደው፤ ከዚያ በፊት ትኩስ ምግብ ያበላው አዛዥ አልነበረም። ንጉሡ አእምሮው ተናወጠ። ሌሊት ሌሊት ደረጃ ላይ ተቀምጦ በርሜሎችን ይቆጥር ጀመር። አንድ ቀን በራት ላይ ዘውዱን አውልቆ «ጨው ያንሰዋል» እያለ ለጎደፋ ሰጠው። ጎደፋ ቀዳማዊ ነገሠ። አሥራ ሰባቱ ምሕረት የተደረገላቸው ሴረኞች አጨበጨቡ። ገብረዝጊ ሚስት ገዳዩ ጎተራው ውስጥ እንዲኖር ተፈቀደለት።

ሠርክአዲስ ይህን ሁሉ ብቻዋን አይታ፣ በአሥር ሰዓት ለአቶ ገብረዝጊ «ዛሬ ንግሥቲቱ የወይን ተክል አስተከለች» አለች።

ሦስቱ ሳምንት ሊያልቅ ሁለት ቀን ሲቀረው መቋቋም አቃታት። ዘቢብ ከምትሠራበት መድኃኒት ቤት በር ላይ ጠበቀቻትና ሮማናት አደባባይ አጠገብ ጭማቂ ቤት ገቡ። ሁሉንም ነገረቻት። ዘቢብ በርሜሉ ጋ ስትደርስ ከሳቋ የተነሣ ጭማቂው ትን አላት።

«ለዚህ ነው እንዲህ የከሳሽው? ጨዋታ እኮ ነው!»

«ቅጽል ወጥቶለታል» አለች ሠርክአዲስ። «ንጉሡ። በአባትሽ ስም ነው የሰየምኩት። "ሚስት ገዳዩ ገብረዝጊ" ይላል። እዚያው ተጽፎ ይቀራል።»

ዘቢብ ሳቋ ከፊቷ ጠፋ። ብርጭቆውን ገፋ አደረገችው። ውጪ የታክሲ ረዳቶች ይጮኻሉ።

«ማን ነገረሽ?» አለች በቀስታ።

«ምኑን?»

«አጎቴ ያለውን።»

ሠርክአዲስ ምንም እንደማታውቅ ለዘቢብ ገባት። ዘቢብም ነገረቻት። መድኃኒቱ ከከተማው ሲጠፋ አባቷ ሊፈልጉ ከከተማ ወጡ። በሦስት ቀን ይመለሳሉ ተብሎ ነበር። ሲመለሱ አምስተኛው ቀን ነበር፤ ኣስካል ተቀብራለች። ድንኳኑ ውስጥ የኣስካል ታላቅ ወንድም ኣንዶም፣ ሰው ሁሉ እየሰማ ተነሥቶ «ጥለሃት ሄደህ ገደልካት» አላቸው። አባቷ አንድ ቃል አልመለሱም። ኣንዶም እዚሁ መቀሌ፣ ሰሜን ክፍለ ከተማ ነው የሚኖረው፣ በአንድ ታክሲ የሚደረስበት። ከዚያ ቀን በኋላ ግን ዓይን ለዓይን ተያይተው አያውቁም።

ሠርክአዲስ ፊቷን በእጆቿ ሸፈነች።

«እኔ አልነግርልሽም» አለች ዘቢብ ቦርሳዋን እያነሣች። አልተቆጣችም፣ ለስላሳም አልነበረችም። «ሰኞ መነጽሩን ያወልቃል። ራሱ አይቶ ከሚደርስበት ካንቺ ይስማ።»

እሑድ አቶ ገብረዝጊ ከቤተ ክርስቲያን ተመልሰው፣ ነጠላቸውን እንዳጣፉ ግድግዳው ጥላ ሥር ተቀምጠዋል። ሠርክአዲስ መጥታ ፊት ለፊታቸው ቆመች። ቃላት አዘጋጅታ ነበር፤ ሁሉም ጠፋባት።

«ኣስካል ሞታለች» አለች።

አቶ ገብረዝጊ አልተነቃነቁም።

«መቼ?»

«እርስዎ ሆስፒታል እያሉ። እኔ ነኝ። ጨዋታው አይደለም፣ እኔ ነኝ ያደረግሁት። ሲጠይቁኝ ዋሸሁ። ድልድዩም፣ ድግሱም፣ ወይኑም ውሸት ነው።»

«በምን ሞተች?»

«በርሜል ወደቀባት።»

ዘቢብ የቤቱ በር ላይ ቆማ ታዳምጣለች።

«ለምንድን ነው ያደረግሽው?»

«ለጨው ምድሩ።»

«ለጨው» አሉ አቶ ገብረዝጊ። ቃሉን እንደ ባዕድ ነገር አገላበጡት። «ጨው አሥራ አንድ ዓመት ጭኛለሁ። ምን ያደርጋል ጨው?» ከዚያ ተነሥተው፣ በእጃቸው ግድግዳውን እየዳሰሱ ወደ ቤት ገቡ። ስለ ቅጽሉ አልነገረቻቸውም። ልነግራቸው ጊዜ አልሰጡኝም ብላ ለራሷ አለች፤ እውነቱ ግን ፈርታ ነው።

ከዚያ በኋላ ባሉት ቀናት አቶ ገብረዝጊ ጥቁር መነጽሩን አወለቁ፤ በአዲሱ ዓይናቸው የቆርቆሮውን ምስማር ሳይቀር እየቆጠሩ ግቢው ውስጥ ይዘዋወራሉ። በመስኮቷ በኩል ግን አያልፉም። ከውኃ ታንከሩ እስከ ውጭው በር፣ ከውጭው በር እስከ ውኃ ታንከሩ ብቻ ሆነ። ሰላምታዋን ይመልሳሉ። ሠርክአዲስ ቤቱን ልቀቂ ቢሏት ይሻላት ነበር። ቢጮኹባት፣ ቢሰድቧት ደስታዋ ነበር። ሌላ ቤት ልትፈልግ ደላላ ዘንድ ሄዳ፣ ስሟን ሳትናገር ተመለሰች፤ ጥፋቷን ጥላ መሄድ ሌላ ጥፋት መሰላት።

በአሥራ ሦስተኛው ቀን፣ ቅዳሜ ረፋድ ላይ፣ በሯ ተንኳኳ። አቶ ገብረዝጊ ናቸው። ወንበር አልያዙም።

«አሳዪኝ» አሉ።

«ኣቦይ፣ ባያዩት...»

«ዓይኔን የተሠራሁት ለማየት አይደል? አሳዪኝ።»

ከፈተችው። ቆመው ብዙ ጊዜ ተመለከቱ። በዙፋኑ ላይ ጎደፋ ማንኪያ ይዞ ተቀምጧል። «ይህ ወጥ ቤቱ አይደለም?» አሉ፤ «ነው» አለች። አልሳቁም። የጎተራው ሥዕል ውስጥ ጠጉሩ የረዘመ፣ እራፊ የለበሰ ሰው አለ። ጠቋሚውን ወደሱ እንድታደርገው በጣታቸው አሳዩዋት። ስሙ ወጣ። የላቲኑን ፊደል አንድ በአንድ ለቀሙት። ስማቸውን አነበቡ።

«ከስሙ ቀጥሎ ያለውስ ምን ይላል?»

ሠርክአዲስ አንገቷን ደፋች። አሁንም መዋሸት ትችል ነበር። እንግሊዝኛ አያውቁም።

«"ሚስት ገዳዩ" ይላል።»

አቶ ገብረዝጊ አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀመጡ። እዚያ ተቀምጠው አያውቁም ነበር።

«ኣንዶም ያለኝም ይህንኑ ነው» አሉ። «ዘቢብ ነግራሻለች፤ አውቃለሁ፣ ዓይንሽ ይናገራል። አልመለስኩለትም። ለምን እንዳልመለስኩለት ለዘቢብም አልነገርኳትም።»

ሠርክአዲስ ወለሉን እያየች ጠበቀች።

«መድኃኒቱን አግኝቼው ነበር። በሦስተኛው ቀን፣ በእጄ ገባ። ስመለስ አንድ ሰው ቤት ለጥቂት ልረፍ ብዬ ጋደም አልኩ። ሁለት ቀን አልተኛሁም ነበር። ማልዶ የሚነሣ መኪና አለ፣ እንቀሰቅስሃለን አሉኝ። ቀሰቀሱኝ መሰለኝ፤ አልነቃሁም። መኪናው ሄደ። ሌላ እስካገኝ አንድ ቀን ተኩል ፈጀ።» ቀና አሉ። «ሠላሳ አንድ ዓመት መሪ ላይ ተኝቼ አላውቅም። እሷ ስትጠብቀኝ ተኛሁ።»

ሠርክአዲስ «እርስዎ ምን ያድርጉ» ልትል አፏን ከፈተች። ይህን የማለት መብት ያላት ሰው ግን እሷ እንዳልሆነች ተሰማትና ዘጋችው። ይልቅ አለቀሰች። አቶ ገብረዝጊ አላጽናኗትም፤ ተቆጥተውም አልነበረም። እስክትጨርስ ተቀመጡ። ሲነሡ «ዝጊው» ብቻ አሉ።

ዘጋችው። ከኮምፒውተሩም አጠፋችው። ስታጠፋው «እርግጠኛ ነዎት?» ብሎ ጠየቃት፤ ለዚህኛው ቶሎ ነው የመለሰችው።

በሚቀጥለው እሑድ አቶ ገብረዝጊ ኮታቸውን ለብሰው ግቢው መሃል ቆመው አገኘቻቸው። ጺማቸውን ተላጭተዋል።

«ሥራ አለሽ?»

«የለኝም።»

«ሰሜን ድረስ አብረሽኝ ሂጂ። ከዘቢብ ጋር ከሄድኩ ኣንዶም ወሬውን ሁሉ ከእሷ ጋር ያደርጋል። ብቻዬን ደግሞ ከታክሲው አልወርድም፤ ራሴን አውቀዋለሁ።»

በሚኒባሱ ውስጥ አልተነጋገሩም። የኣንዶም ቤት ከብየዳ ቤቶቹ ጀርባ ነው። በሩን የከፈተው ራሱ ኣንዶም ነበር፤ ከአቶ ገብረዝጊ የሚረዝም፣ የጎበጠ ሽማግሌ። ተያዩ። ኣንዶም ከበሩ ፈቀቅ ብሎ በትግርኛ «እተዉ» አለ። ግቡ ማለቱ ነው።

ቴሌቪዥን ላይ እግር ኳስ አለ። የኣንዶም ሚስት ሻይና ዳቦ አቀረበች፤ ከዚያ እሷም ተቀመጠች። አንድ ሰዓት ያህል ሁሉም እግር ኳሱን አየ። ማንም ስለ ኣስካል አላነሣም። ማንም ይቅርታ አልጠየቀም። የመጀመሪያው ግማሽ ሲያልቅ ኣንዶም ዓይኑን ከቴሌቪዥኑ ሳይነቅል፣

«ዓይንህን ተሠራህ ሲሉ ሰምቼ ነበር» አለ።

«ተሠራሁ።»

«ታያለህ?»

«አያለሁ።»

ኣንዶም ራሱን ነቀነቀ። ከዚያ ወደ ሠርክአዲስ ዞረ። «ይህችስ የማን ናት?»

አቶ ገብረዝጊ ትንሽ አሰቡ። «ተከራዬ ናት» አሉ።

ሠርክአዲስ ሻይዋን ጎንጨት አለች። ቀዝቅዟል።

ሲመለሱ ሚኒባሱ ሞልቶ ስለነበር አቶ ገብረዝጊ ከፊት፣ እሷ ከኋላ ተቀመጡ። በመስታወቱ ውስጥ ፊታቸውን ታየዋለች፤ መንገዱን እንደ ሹፌር እያዩ፣ መታጠፊያው ሲደርስ በግራ እግራቸው ባዶ ፍሪሲዮን ይረግጣሉ። ሓድነት ወርደው ጎን ለጎን ወደ ግቢው ሲሄዱ፣

«ሌላ ጊዜ ብቻዬን እሄዳለሁ» አሉ።

«እሺ፣ ኣቦይ» አለች ሠርክአዲስ።